የአድናቂዎች የኮንሰርት ፒን

የአድናቂዎች የኮንሰርት ፒን የአንድ ሙዚቃ ባንድ ወዳጆች አንድን የማይረሳ ኮንሰርት፣ ዘፈን ወይም የጉዞ ወቅት ለማስታወስ ራሳቸው ነድፈው የሚያሠሩት ትንሽ የብረት ጌጥ ነው። በኮት ኮሌታ፣ በባርኔጣ፣ በቦርሳ ማንገቻ ወይም በጨርቅ ሰሌዳ ላይ ይሰካል። ባንዱ ራሱ ወይም ወኪሉ ከሚሸጠው ዕቃ የሚለየው ሐሳቡም፣ ሥዕሉም፣ የማሠሪያው ገንዘብም ከአድናቂው የሚመጣ በመሆኑ ነው። ልማዱ በብዛት የሚታየው በአሜሪካ «ጃም ባንድ» በሚባሉት የሙዚቃ ቡድኖች፣ በተለይም በግሬትፉል ዴድና በፊሽ ተከታዮች ዘንድ ነው።

ፒኑ በመጠኑ ከሳንቲም እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም ቀን፣ ቦታና ምልክት ስለሚይዝ ለሰብሳቢው እንደ ማስታወሻ ደብተር ያገለግላል። በዚያው ልክ የማን ምልክት ነው፣ ማን ሊሸጠው ይችላል፣ ዋጋውስ ለምን ይንራል የሚሉ ጥያቄዎችን ያስነሣል።

ስያሜ

«ፒን» የሚለው ቃል በአማርኛ እንደ ውሰት ቃል የሚሠራበት ሲሆን፣ ከጀርባው ሹል መርፌና መቆንጠጫ ያለውን ጌጥ ያመለክታል። «ባጅ» የሚለው ቃል ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። የሠራተኛ መታወቂያን፣ በስብሰባ የሚንጠለጠል የስም ካርድንና በደረት ላይ የሚደረግ ዓርማን ሁሉ ይጨምራል። ሰብሳቢዎች ሁለት ዓይነት ፒኖችን ይለያሉ። አንደኛው የታተመ ወረቀት በቆርቆሮ ላይ ተለብጦ በስስ ፕላስቲክ የሚሸፈነው ክብ ፒን ነው። ሁለተኛው በብረት ላይ ተቀርጾ በቀለም የሚሞላው የኢናሜል ፒን ነው። በዛሬው የኮንሰርት ፒን ዓለም የሚበዛው ሁለተኛው ነው።

ጃም ባንድ ምንድን ነው?

ጃም ባንድ በመድረክ ላይ ዘፈንን በካሴት ወይም በሲዲ እንደተቀረጸው አይደግምም። ሙዚቀኞቹ የዘፈኑን መነሻ ከተጫወቱ በኋላ እርስ በርስ እየተደማመጡ ወዳልተዘጋጀ ዜማ ይገባሉ፤ አምስት ደቂቃ የነበረው ዘፈን ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። የሚጫወቱት የዘፈን ዝርዝርም ከምሽት ምሽት ይለያያል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ በተቀመጠው ሰው መልክና በሰጡት ግጥም ላይ እየተመሠረተ እዚያው ሲፈጥር፣ የትናንቱ ጨዋታ ከዛሬው አይመሳሰልም። «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚያቀብለው ታዳሚም የጨዋታው አካል ነው።

ፒኖቹ የሚወለዱት ከዚህ ባሕርይ ነው። እያንዳንዱ ምሽት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ከሆነ፣ «እዚያ ነበርኩ» ማለት ትርጉም ያገኛል። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ለሚዘፈን ኮንሰርት አንድ ቲሸርት ይበቃል። በየምሽቱ ለሚለያይ ኮንሰርት ግን በየምሽቱ የተለየ ምልክት ያስፈልጋል።

ቀደምት ታሪክ

ሰው ከደረሰበት ስብሰባ ምልክት ይዞ የመመለስ ልማዱ ከሙዚቃ ኮንሰርት እጅግ ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መንፈሳዊ ተጓዦች ከጎበኟቸው ቦታዎች የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ ፒኖችን ገዝተው በባርኔጣቸውና በካባቸው ላይ ይሰኩ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት እ.ኤ.አ. በ1170 ከተገደለ በኋላ ወደ እንግሊዝ ካንተርቤሪ የሄዱ ተጓዦች የእርሱን ምስል፣ ወደ ስፔን ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሄዱት ደግሞ የባሕር ዛጎል ምልክትን ይዘው ይመለሱ ነበር።

በባሌም ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው የቆየ ልማድ አለ። ከሮቤ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በድሬ ሼኽ ሁሴን የሚሰበሰቡ ተጓዦች ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይይዛሉ። በትሩ በሼኽ ሁሴን ስም የሚጠራ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የሚያየው ሰው ያዡ ወዴት እንደሚሄድ ወይም ከየት እንደሚመለስ ወዲያው ያውቃል። የእምነት ጉዞና የሙዚቃ ዝግጅት በዓላማቸው የተለያዩ ናቸው። የሚገናኙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረጅም መንገድ አቋርጦ የተሰበሰበ ሕዝብ እርስ በርሱ የሚተዋወቅበትን ምልክት ያበጃል።

በፋብሪካ የሚመረተው ክብ ፒን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። በዚያ ዓመት በኒው ጀርሲ የሚገኘው ኋይትሄድ ኤንድ ሆግ የተባለ ድርጅት በሴሉሎይድ የተሸፈነውን ፒን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩዎች ማኪንሌይና ብራያንም ምስላቸውን በዚሁ ፒን አሰራጩ። በዚያው ዓመት በአቴንስ በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎችና ዳኞች ከካርቶን የተሠራ መለያ አድርገው ነበር። የኦሊምፒክ ፒን መለዋወጥ ከዚያ አድጎ በተለይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተመልካቹን ሁሉ ያዳረሰ ልማድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1988 በካልጋሪ የክረምት ኦሊምፒክ ኮካ ኮላ የፒን መለዋወጫ ማዕከል ከፍቷል። ዲዝኒ ደግሞ በመዝናኛ ፓርኮቹ የፒን ልውውጥን እ.ኤ.አ. በ1999 ጀመረ። የሙዚቃ አድናቂዎች የሚጠቀሙባቸው የልውውጥ ደንቦች ከእነዚህ ብዙ ወስደዋል።

ግሬትፉል ዴድና የምልክቶች ቋንቋ

ግሬትፉል ዴድ እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። ጊታር ተጫዋቹ ጄሪ ጋርሺያ ነሐሴ 9 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ባንዱ ከ2,300 ያላነሱ ኮንሰርቶችን አሳይቷል። «ዴድሄድ» የሚባሉት ተከታዮቹ ባንዱን ከከተማ ከተማ እየተከተሉ ይጓዙ ነበር። ከአዳራሹ ውጪ ባለው የመኪና ማቆሚያ ምግብ፣ በቀለም የተነከረ ቲሸርት፣ ተለጣፊ ወረቀትና ፒን የሚሸጥበት ጊዜያዊ ገበያ ይዘረጋል። ገበያው «ሼክዳውን ስትሪት» ይባላል፤ ስሙም ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1978 ካወጣው አልበም የተወሰደ ነው።

የባንዱ ምልክቶች ለፒን የተመቹ ነበሩ። በመብረቅ የተከፈለው የራስ ቅል ምልክት እ.ኤ.አ. በ1969 ገደማ በድምፅ ባለሙያው ኦውስሊ ስታንሊና በሠዓሊው ቦብ ቶማስ ሲዘጋጅ ዓላማው ተራ ነበር። በአንድ መድረክ ብዙ ባንዶች ሲጫወቱ የግሬትፉል ዴድ ዕቃ ከሌሎቹ እንዳይቀላቀል በሳጥኖቹ ላይ የሚሣል መለያ ነበር። በቀለም የሚለያዩት የሚራመዱ ድቦችም የቦብ ቶማስ ሥራ ሲሆኑ፣ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣ አልበም ሽፋን ላይ ነው። ጽጌረዳ የደፋው አፅም ደግሞ በአልተን ኬሊና በስታንሊ ማውስ እ.ኤ.አ. በ1966 ለኮንሰርት ማስታወቂያ ተሠራ። መነሻው ኤድመንድ ሳሊቫን ለዑመር ኸያም ግጥሞች የሣለው የቆየ ሥዕል ነበር። ስለዚህ አድናቂዎች የሌላውን ምልክት እየወሰዱ የራሳቸውን ሲጨምሩበት፣ ራሱ ባንዱ የመጣበትን መንገድ ይከተላሉ ማለት ይቻላል።

አድናቂው አንድን ምሽት ለማመልከት የታወቀውን ምልክት ከቦታው መለያ ጋር ያዋህዳል። ለዚህ በተደጋጋሚ ከሚጠቀሱት ኮንሰርቶች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

• ኮርኔል፣ ግንቦት 8 ቀን 1977 እ.ኤ.አ.፦ በኒው ዮርክ ግዛት በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባርተን አዳራሽ የቀረበ ነው። ቅጂው በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚጠበቁ ታሪካዊ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ቀኑና የአዳራሹ ስም ብቻ ለአዋቂ በቂ ምልክት ናቸው።

• ቬኒታ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.፦ በኦሪገን ግዛት በገላጣ ሜዳ በከባድ ሙቀት የተካሄደ ነው። ፀሐይ የምልክቱ ዋና ክፍል ናት።

• ጊዛ፣ ከመስከረም 14 እስከ 16 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.፦ በግብፅ ከፒራሚዶቹ ሥር የቀረቡ ሦስት ምሽቶች ናቸው። ኑቢያዊው የዑድ ተጫዋች ሐምዛ ኤል ዲን አብሯቸው ተጫውቷል። በመጨረሻው ምሽት የጨረቃ ግርዶሽ ስለነበረ፣ ፒራሚድና የጠቆረች ጨረቃ ጎን ለጎን ከታዩ ምሽቱ የቱ እንደሆነ ጥያቄ የለውም።

ባንዱ አድማጮች ኮንሰርቶቹን እንዲቀዱ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮም ለቀጂዎች ልዩ የመቀመጫ ቦታ ተመድቧል። ካሴቶቹ በገንዘብ አይሸጡም፣ ይለዋወጣሉ። ይህ የልውውጥ ሥነ ምግባር በኋላ ወደ ፒኖቹም ተሻግሯል።

ፊሽና የማይረሱ ምሽቶች

ፊሽ እ.ኤ.አ. በ1983 በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። አባላቱ ትሬይ አናስታሲዮ፣ ማይክ ጎርደን፣ ጆን ፊሽማንና ከሁለት ዓመት በኋላ የተቀላቀለው ፔጅ ማክኮኔል ናቸው። ባንዱ በቀልድና በድንገተኛ ትርኢት የታወቀ በመሆኑ ለነዳፊዎች ብዙ ምስል ይሰጣል። ከበሮ መቺው ፊሽማን በመድረክ ላይ የሚለብሰው ቀያይ ቀለበቶች የታተሙበት ቀሚስ፣ አድናቂዎች በየዕቃው ላይ የሚደግሙት ንድፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 የዘመን መለወጫ ምሽት በቦስተን ጋርደን አዳራሽ የባንዱ አባላት በሆት ዶግ ቅርጽ በተሠራ ግዙፍ ነገር ተቀምጠው ከታዳሚው በላይ በረዋል። ለማያውቅ ሰው በፒን ላይ ያለ ሆት ዶግ የምግብ ቤት ማስታወቂያ ይመስላል። ለሚያውቅ ግን የአንድ ሌሊት ስም ነው።

እ.ኤ.አ. የ1999 የመጨረሻ ሌሊት ሌላው ምሳሌ ነው። በፍሎሪዳ በሴሚኖል ሕዝብ ይዞታ በቢግ ሳይፕረስ ባንዱ ከእኩለ ሌሊት ገደማ ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ከ7 ሰዓታት በላይ ያለ ዕረፍት ተጫውቷል። በቢግ ሳይፕረስ ፒኖች ላይ የረግረግ ዛፍና የምትወጣ ፀሐይ ቢታዩ አያስገርምም።

ለፒን ነዳፊዎች ከሁሉ የተመቸው ግን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 21 እስከ ነሐሴ 6 ቀን 2017 በኒው ዮርክ ሜዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተካሄዱት 13 ኮንሰርቶች ናቸው። እያንዳንዱ ምሽት በአንድ የዶናት ዓይነት ተሰየመ። በኢትዮጵያ ካፌዎች ቦምቦሊኖ የሚባለው ዓይነት መሆኑ ነው። ለታዳሚውም የዕለቱ ዶናት ይታደል ነበር። ከዘፈኖቹ አንዳንዶቹ ከዕለቱ ጣዕም ጋር ይያያዛሉ፤ በእንጆሪው ምሽት ባንዱ የከፈተው የቢትልስን የእንጆሪ ሜዳ ዘፈን በድምፅ ብቻ በመዘመር ነበር። ማርማላታ በተሞላው ዶናት ምሽት ደግሞ ብዙውን ጊዜ አጭር የሆነው «ላውን ቦይ» የተባለ ዘፈን ወደ ሠላሳ ደቂቃ ተለጠጠ። በ13ቱ ምሽቶች 237 የተለያዩ ዘፈኖች ሲቀርቡ አንዱም አልተደገመም። ምሽቶቹ ቁጥር፣ ጣዕምና ቀለም ስለነበራቸው ራሳቸው እንደ ፒን ስብስብ የተዘጋጁ ያህል ሆኑ። አንዱ ብቻ የጎደለው ሰብሳቢ ደግሞ የጎደለውን መፈለጉን አይተውም።

አሠራር

የኢናሜል ፒን የሚጀምረው በሥዕል ነው። ነዳፊው በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ቀለም በመስመር የታጠረበት ንድፍ ይሠራል። መስመሮቹ በፒኑ ላይ ከፍ ብለው የሚቆሙ የብረት ግድግዳዎች ይሆናሉ፤ ቀለሞቹም በመካከላቸው ባሉ ጎድጓዶች ይሞላሉ። ስለዚህ ጥላና የሚደበዝዝ ቀለም ለኢናሜል አይመችም፤ ጥቂት ቀለምና ጥርት ያለ መስመር ይመረጣል። የተለመደው ስፋት ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ነው።

ቀጥሎ ንድፉ በጠንካራ ብረት ማተሚያ ላይ ይቀረጻል። ማተሚያው በከባድ መጫኛ ኃይል የብረት፣ የነሐስ ወይም የመዳብ ዝርግ ላይ ሲወርድ ቅርጹ ይታተማል። የተወሳሰበ ቅርጽ ሲሆን የዚንክ ቅይጥ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈስሳል። ዙሪያው ተቆርጦ ከጀርባው መርፌ ይበየዳል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። በለስላሳ ኢናሜል ብረቱ አስቀድሞ በወርቅማ፣ በብርማ ወይም በጥቁር ቅብ ይለበጣል፤ ከዚያ ቀለም እንደ መርፌ ባለ ማንጠባጠቢያ በየጎድጓዱ ይሞላና በምድጃ ይደርቃል። ቀለሙ ከብረቱ መስመር ዝቅ ስለሚል በጣት ሲዳሰስ ወጣ ገባነቱ ይታወቃል። በጠንካራ ኢናሜል ቀለሙ እስከ አፍ ድረስ ይሞላል፤ ከደረቀ በኋላ ከብረቱ ጋር እኩል እስኪሆን ይሞረዳል፣ ቅቡም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህኛው ልሙጥና ጭረት የሚቋቋም ሲሆን ዋጋውም ከፍ ይላል።

መርፌው የሚያዘው የቢራቢሮ ክንፍ በሚመስል የብረት መቆንጠጫ ወይም በጎማ ነው። ሁለቱም በሕዝብ ጭፈራ መካከል ሊወልቁ ስለሚችሉ ብዙ ሰብሳቢዎች በቁልፍ የሚጠብቅ መያዣ ይጨምራሉ። በፒኑ ጀርባ የነዳፊው ምልክት፣ ዓመቱና የቅጂ ቁጥሩ ይጻፋል። «37/100» ማለት ከተሠሩት 100 ፒኖች 37ኛው ማለት ነው።

አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በቻይና ፋብሪካዎች ነው። ዋናው ወጪ ማተሚያውን መቅረጽ ስለሆነ ፋብሪካዎች አነስተኛውን ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ከ50 ወይም ከ100 ፒን ይጀምራሉ። የአድናቂ ሥራ ቁጥሩ ውሱን የሚሆነው አንድም ለክብር ነው፤ አንድም ለነዳፊው ኪስ ተስማሚ የሆነው ቁጥር ይኸው ስለሆነ ነው። ማተሚያው አንዴ ከተሠራ በኋላ የቅቡን ወይም የቀለሙን ዓይነት ለውጦ ማሠራት ርካሽ በመሆኑ፣ አንዱ ንድፍ በተለያየ ቀለም፣ በሚያብለጨልጭ ወይም በጨለማ በሚያበራ ዓይነት ይወጣል።

ልውውጥና ዋጋ

ፒን በሦስት መንገድ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፦ በስጦታ፣ በልውውጥና በሽያጭ። ከፍተኛ ክብር የሚሰጠው ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው። በኮንሰርቱ ያገኙትን እንግዳ በፒን ማመስገን የተለመደ ሲሆን፣ አንዳንድ ነዳፊዎች የሽያጩን ትርፍ ለበጎ አድራጎት ይሰጣሉ። የፊሽ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋሙት ሞኪንግበርድ ፋውንዴሽን የልጆችን የሙዚቃ ትምህርት የሚደግፍ ሲሆን፣ የአድናቂ ሥራ ከመድረኩ ውጪ ጥቅም ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ጭቅጭቅ ያመጣል። ቁጥሩ የተወሰነ ዕቃ ሁሉ ሊነግዱበት የሚፈልጉ ሰዎችን ይስባል። በማለዳ ተሰልፈው ገዝተው ከሰዓት በኋላ በእጥፍ የሚሸጡ ሰዎች ሲበዙ ፒኑ ለምሽቱ መታሰቢያ መሆኑ ይቀርና የገበያ ዕቃ ይሆናል። ሌላው ችግር አስመስሎ መሥራት ነው። ማተሚያው በፋብሪካው እጅ ስለሚቀር ያለ ነዳፊው ፈቃድ ተጨማሪ ፒን ሊወጣበት ይችላል። እንዲህ ያለውን ፒን የደበዘዘ ቀለም፣ ያልተሞላ ጎድጓድ፣ ሻካራ ጠርዝ ወይም የጎደለ የጀርባ ጽሑፍ ያጋልጠዋል። ነዳፊዎች ለመከላከል የቅጂውን ቁጥር አስቀድመው ያሳውቃሉ፤ አንድ ሰው ሊገዛ የሚችለውን መጠን ይወስናሉ፤ ሥራው ሲያበቃ ማተሚያው እንዲወገድ ይጠይቃሉ።

ለሰብሳቢ የፒን ጠላቱ እርጥበት ነው። እርጥበት ቅቡን ያጠቁራል፤ የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ቀለሙን ያደበዝዛል። ስለዚህ ፒን በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ፣ እርስ በርሱ እንዳይፋጭ በጨርቅ ሰሌዳ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። የተገኘበትን ቀንና ቦታ በጽሑፍ መያዝም ከዕቃው እኩል ይጠቅማል። ታሪኩ የጠፋ ፒን ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የባለቤትነት ጥያቄ

የአድናቂ ፒን በፍቅርና በሕግ መካከል የቆመ ነው። የባንድ ስምና ዓርማ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። የአልበም ሽፋን ሥዕልና የዘፈን ግጥም በቅጂ መብት ይጠበቃሉ። በአሜሪካ ሕግ ርዕስና አጭር ሐረግ ብቻቸውን በቅጂ መብት አይጠበቁም፤ ሆኖም የንግድ ምልክት ከሆኑ ሌላ ጥበቃ አላቸው። ብዙ ነዳፊዎች የባንዱን ስምና ዓርማ ትተው አዋቂ ብቻ በሚረዳው ፍንጭ የሚሠሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ዶናት፣ ሆት ዶግ፣ ቀን ወይም የአዳራሽ ጣሪያ ማንም በብቸኝነት የያዘው ምልክት አይደለም። ገደቡ ፈጠራውን አልገደለውም፤ ይልቁንም የፍንጭ ጥበብን አሳደገ።

ባንዶችም በሁለት ሐሳብ ይወጠራሉ። የአድናቂው ሥራ ስማቸውን በነፃ ያሰራጫል፤ ከሕጋዊው ዕቃቸው ጋርም ይወዳደራል። የሕዝቡ ብዛት ራሱ ችግር የሆነበት ጊዜም አለ። ግሬትፉል ዴድ እ.ኤ.አ. በ1987 በገበያ የተሳካለት ዘፈን ካወጣ በኋላ፣ ትኬት ሳይኖራቸው ለመኪና ማቆሚያው ገበያ ብቻ የሚመጡ ሰዎች በዙ። ከተሞች ባንዱን ማስተናገድ እየከበዳቸው ሲሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ባንዱ በኮንሰርቶቹ አካባቢ መሸጥንና ድንኳን ተክሎ ማደርን ለመከልከል ተገደደ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚገዙት ሁለት አዋጆች ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራ እንደተፈጠረ፣ ምዝገባ ሳይጠይቅ ጥበቃ ይሰጣል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ የተመዘገቡ ምልክቶችን ይመለከታል። ስለዚህ የአንድን ድምፃዊ ፎቶግራፍ ወይም የካሴት ሽፋን በፒን ላይ አትሞ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው የፎቶግራፍ አንሺውን፣ የሠዓሊውንና የድምፃዊውን ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ነዳፊው ራሱ የሣለው አዲስ ሥዕልም በዚሁ አዋጅ የራሱ መብት ነው።

በኢትዮጵያ ያሉ ተቀራራቢ ልማዶች

በኢትዮጵያ የሙዚቃ አፍቃሪ ማስታወሻ ለረጅም ጊዜ ሸክላና ካሴት ነበር። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረተው አምሐ ሪከርድስ ያሳተማቸው ሸክላዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በፈረንሳይ የወጣው «ኢትዮፒክ» የተሰኘ ተከታታይ ስብስብም ፍላጎቱን አሳድጎታል። ስሙን ከዋልያ የወሰደው ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበር ታዳሚው እስከ ንጋት እዚያው ያድራል፤ ሙዚቀኞቹም ሌሊቱን ይጫወታሉ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ አንዳንድ አባላት እዚያው ቀሩ። ከእነዚያ ረጅም ሌሊቶች የቀሩት ቅጂዎችና የሰዎች ትዝታ ናቸው። እያንዳንዱን ሌሊት በቀኑና በቦታው ለይቶ የሚያስታውስ ትንሽ ዕቃ ግን አልተለመደም ነበር።

ለአድናቂ ፒን በመንፈሱ የሚቀርበው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ቲሸርት ነው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ የሚለየው ቲሸርት የመግቢያ ፈቃድም መታሰቢያም ነው። ሰዎች የቆዩትን ቲሸርቶች አስቀምጠው የሮጡበትን ዓመት በቀለሙ ያስታውሳሉ። በሙዚቃ ረገድ ደግሞ የካቲት 6 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በመስቀል አደባባይ የቦብ ማርሊን 60ኛ የልደት ዓመት ለማክበር የተካሄደው ኮንሰርት ይጠቀሳል። በሬጌ አፍቃሪዎች ደረት ላይ የሚታዩት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፒኖች፣ አንበሳውና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ የኢትዮጵያ ምልክቶች በሌላ ሕዝብ እጅ የአድናቂ ምልክት ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያሉ።

የባሌ ደጋ ምልክቶች እንደ ንድፍ ምሳሌ

ጥሩ የኮንሰርት ፒን የሚሠራው ለቦታው ብቻ ከሚስማማ ምልክት ነው። ይህን ለመረዳት የባሌ ደጋ ጥሩ ምሳሌ ነው። የቀድሞዋ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ጎባና የዛሬው የዞኑ መቀመጫ ሮቤ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአንደኛው የተካሄደን የሙዚቃ ምሽት ከሌላው ለመለየት «ባሌ» የሚል ጽሑፍ አይበቃም። ለሮቤ በዙሪያዋ የተዘረጋው የስንዴና የገብስ እርሻ፣ ለጎባ ደግሞ ከከተማዋ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ልዩ ምልክት ሊሆን ይችላል።

አካባቢው ለኢናሜል የሚስማሙ ጥርት ያሉ ቅርጾች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመውና በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩበት ነው። የቀይ ቀበሮ ቀይና ነጭ ፀጉር በሁለት ቀለም ብቻ ይገለጻል። የደጋ አጋዘን የተጠማዘዘ ቀንድ በአንድ መስመር ይሣላል። የጅብራ ቀጥ ያለ አገዳ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍና በወይብ ወንዝ የተቦረቦረው የሶፍ ዑመር ዋሻ ምሰሶዎች በ3 ሴንቲ ሜትር ብረት ላይ ሳይምታቱ ይታያሉ። ነዳፊው ከእነዚህ አንዱን መርጦ በዕለቱ መድረክ ላይ ከሆነው ነገር ጋር ያገናኘዋል። ዝናብ አቋርጦት ከነበረ ዝናቡ፣ መብራት ጠፍቶ ታዳሚው በስልኩ ብርሃን ዘፍኖ ከነበረ ያ ብርሃን ይገባበታል።

ለአካባቢው ታሪክ ትልቁ ጥቅም ከምስሉ ይልቅ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ነው። በትናንሽ ከተሞች የሚካሄዱ የሙዚቃ ምሽቶች በጋዜጣ የሚዘገቡት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ማስታወቂያቸው ከግድግዳ ይላጣል፣ በስልክ የተቀረጸው ምስልም ከስልኩ ጋር ይጠፋል። ቀን፣ ከተማ፣ የባንድ ስምና የነዳፊ ምልክት የተቀረጸበት ብረት ግን በመሳቢያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የካንተርቤሪ ተጓዦች የጣሏቸው ፒኖች ከወንዝ ጭቃ ሲወጡ ለታሪክ ተመራማሪዎች ማን ከየት ወዴት እንደተጓዘ ይነግራሉ። የአድናቂ ፒንም ቀኑ በትክክል እስከተጻፈበት ድረስ ያንኑ ሊነግር ይችላል።